ቤት ውስጥ ኦክቶፐስ ማሳደግ ለምታስቡ፦ ከጮሌ ጋር የነበረኝ አንድ ዓመት

ኦክቶፐሳችን ጮሌ ቤታችን የገባችው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2022 ነው፣ ውሃዋ ግን ከሷ አራት ወር ቀድሞ ነው የገባው። ከዚህ የምጀምረው ኦክቶፐስ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የት ነው የሚሸጠው፣ ስንት ነው» ስለሆነ ነው። እሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ቀድሞ ውሃው ነው፣ ውሃው ሳይደርስ ኦክቶፐሱን ገዝቶ ያመጣ ሰው በሳምንት ውስጥ ይሞትበታል። እኔ የማውቃቸው ሁለት ሰዎች እንደዛ ሆኖባቸዋል፣ ይሄን የምጽፈው ሶስተኛ እንዳይጨመር ብዬ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ አርሊንግተን ነው። ከጮሌ በፊት አምስት ዓመት ያህል የጨው ውሃ አሳ ነበረኝ፣ ክላውንፊሽ ምናምን፣ ስለዚህ ከዜሮ አልጀመርኩም። ፍቅሩ ግን ከአባቴ ነው የመጣው። አባባ በወጣትነታቸው ምፅዋ ባህር ኃይል ውስጥ ነበሩ፣ እኛ አዲስ አበባ ተወልደን ባህርን በሥዕል ብቻ ስናውቅ እሳቸው ማታ ማታ ስለ ዳህላክ ደሴቶች ያወሩልን ነበር፣ ውሃው እስከ ታች ድረስ ጥርት ብሎ ስለሚታይበት ጠዋት፣ ድንጋይ መስሎ ተቀምጦ ድንገት ተነስቶ ስለሚሄድ እንስሳ። ያ ድንጋይ የመሰለው እንስሳ ከጭንቅላቴ ወጥቶ አያውቅም።

ለቤት የሚሆነው የትኛው ዓይነት ነው ካላችሁ፣ እኔ ያሳደግኩት በአሳዳጊዎቹ ዘንድ «ቢማክ» የሚባለውን ነው፣ ሙሉ የሳይንስ ስሙ ኦክቶፐስ ቢማኩሎይደስ። ከካሊፎርኒያ እስከ ሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ባለው የባህር ዳርቻ ነው የሚኖረው፣ ከዓይኖቹ በታች ግራና ቀኝ ሰማያዊ ክብ ምልክት አለው፣ ከሩቅ ሲታይ ሌላ ሁለት ትልልቅ ዓይን ይመስላል። በ2015 የኦክቶፐስ ጂኖም፣ ሙሉ የዘር መረጃው ማለት ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብም የተነበበው የዚሁ ዓይነት ነው። ቀን ላይም ይንቀሳቀሳል፣ ሰው ይለምዳል፣ መጠኑም ልኩን አያልፍም። ብዙዎቹ ሌሎች ዓይነቶች ሌሊት ብቻ ነው የሚወጡት፣ ከፍላችሁ ባዶ ድንጋይ ስታዩ ትከርማላችሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፣ ሰማያዊ ቀለበት ያለበትን ትንሿን ኦክቶፐስ፣ ብሉ ሪንግድ የምትባለውን፣ በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳን እንዳትቀበሉ። መርዟ ቴትሮዶቶክሲን ነው፣ ሰውነትን ሽባ አድርጎ ትንፋሽ ያስቆማል፣ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ይቅርና ብቻችሁን ብትኖሩም አይሆንም።

አሁን ወደ ታንኩ፣ ወደምትኖርበት የመስታወት ገንዳ። ለቢማክ ቢያንስ 55 ጋሎን ያስፈልጋል፣ ወደ 200 ሊትር ማለት ነው፣ እኔ 75 ጋሎን ነው ያደረግኩት። መጀመሪያ ሁለተኛ እጅ ታንክ በጣም ርካሽ አግኝቼ ገዝቼ ነበር፣ ንጹህ፣ ስታንዱም ያለው። ቤት ካስገባሁት በኋላ ሻጩን ደውዬ አሳህ ታሞ ያውቃል ወይ ብዬ ስጠይቀው አዎ፣ መድኃኒት አድርጌ አድኜዋለሁ አለኝ፣ መድኃኒቱ ደግሞ መዳብ ያለበት ነው። በውሃ ሞልቼው ሳምንት አቆይቼ በመዳብ መፈተሻ ኪት ብለካው መዳብ አሳየኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የኦክቶፐስ ደም ሰማያዊ ነው፣ እንደኛ በብረት ሳይሆን ሄሞሲያኒን በሚባል መዳብ ባለበት ንጥረ ነገር ነው ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ሶስት ልብ ነው ያላት፣ ሁለቱ ደሙን ወደ መተንፈሻ ስንጥቦቿ አንዱ ወደ ቀረው ሰውነቷ ይገፋሉ። ደሟ መዳብ አለው ማለት ግን ውሃ ውስጥ ያለ መዳብ ይስማማታል ማለት አይደለም፣ ለአሳ መድኃኒት የሆነው መጠን እሷን ይገድላታል። ደግሞ መስታወቱን ያያያዘው ሲሊኮንም ሆነ ድንጋዩ መዳቡን መጥጦ ይይዝና ቀስ እያለ መልሶ ይለቀዋል ይባላል፣ አጥቤዋለሁ ብሎ ነገር የለም። ታንኩን እንሽላሊት ለሚያሳድግ ሰው ሰጠሁትና አዲስ ገዛሁ።

የቧንቧ ውሃም አይሆንም። በዋሽንግተን ዲሲና በአርሊንግተን የሚመጣው ውሃ ከ2000 ጀምሮ ክሎራሚን የሚገባበት ነው፣ ክሎራሚን ደግሞ እንደ ክሎሪን በባልዲ አስቀምጠህ ብታሳድረው አይተንም፣ የአሮጌ አፓርታማ ቧንቧ ደግሞ ራሱ መዳብ ነው። ስለዚህ አርኦ ዲአይ የሚባለውን ማጣሪያ ገዝቶ በሱ የወጣ ውሃ ላይ የባህር ጨው መበጥበጥ ነው። ጨዉን በማንኪያ እየቆጠሩ ሳይሆን ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨው መለኪያ እየለኩ፣ 1.025 ወይም 1.026 ላይ፣ በሺህ 35 ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት አንድ ነገር፣ ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፣ ስለዚህ የጎደለውን የምትሞሉት ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ ነው። ጨው ባለው ከሞላችሁ በየቀኑ እየመረረ ይሄዳል።

ከዛ መጠበቅ። ይሄ ነው ሰውን የሚያስመርረው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ቆሻሻው አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል፣ ድንጋዩና አሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ደግሞ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይቀይሩታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአንድ ሳምንት አይበዙም። ለአሳ ስድስት ሳምንት ይበቃል የሚል አለ፣ ለኦክቶፐስ ሶስት ወር ነው የሚባለው፣ እኔ አራት ወር ጠበቅኩ፣ አንድም ቀን አልቆጨኝም። ኦክቶፐስ ሥጋ በሊታ ናት፣ ከሷ እኩል ከሆነ አሳ በጣም ብዙ ቆሻሻ ታወጣለች፣ ስለዚህ ባክቴሪያው ለትንሽ አሳ ሳይሆን ለብዙ በሊታ የተዘጋጀ መሆን አለበት። እኔ በነዛ አራት ወራት ታንኩ ውስጥ ቀንድ አውጣና ሄርሚት ክራብ የሚባለውን ቅርፊት ተሸካሚ ሸርጣን አስገብቼ ሽሪምፕ እየቆራረጥኩ እየመገብኩ ነው ባክቴሪያውን ያሳደግኩት፣ በየሁለት ቀኑ እለካለሁ በደብተር እጽፋለሁ። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ ሆኖ፣ ምግብ ብጨምርም ዜሮ ሆኖ ሲቆይልኝ ነው «አሁን እንዘዝ» ያልኩት። ልጆቹ በየሳምንቱ መቼ ነው የምትመጣው ይሉኛል፣ ደብተሩን አሳያቸዋለሁ፣ ትልቋ ልጄ የዘጠኝ ዓመቷ በኋላ ራሷ መለካት ጀመረች።

ወጪው ላይ ዝም ብዬ አልለፍ። ቢማክ የቀዝቃዛ ውሃ እንስሳ ናት፣ እኔ 66 ፋራናይት ላይ ነው የያዝኩት፣ ወደ 19 ሴልሺየስ። በብርዱ ወራት ችግር የለም፣ በቨርጂኒያ ሐምሌ ግን ቤቱ ኤሲ ቢኖረውም ፓምፑና መብራቱ ውሃውን ያሞቁታል፣ ቺለር፣ የውሃ ማቀዝቀዣ፣ የግድ ነው። ቺለሩ ብቻውን ከኦክቶፐሷ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው የወጣብኝ። ሌላው ፕሮቲን ስኪመር ነው፣ ውሃውን በአየር አረፋ አድርጎ ቅባትና ቆሻሻውን የሚያወጣው፣ ለታንካችሁ መጠን ከሚባለው ከፍ ያለውን ግዙ። ሁሉም ተደምሮ፣ ታንክ ስታንድ ቺለር ስኪመር ድንጋይ ጨው፣ ወደ 2,400 ዶላር ጨርሻለሁ፣ ያውም ብዙውን ሥራ ራሴ ሠርቼ። መብራቱ ደማቅ መሆን አያስፈልገውም፣ ደብዘዝ ያለ ነው የሚስማማት፣ እዛ ላይ ገንዘብ አታባክኑ።

ይሄኛው የትም ተጽፎ አላገኘሁትም፣ ለኛ ቤት ግን ዋና ነገር ነው። ስኪመሩ አየር የሚስበው ከክፍሉ ውስጥ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ ሽቶም ሆነ ስፕሬይ፣ የዕጣን ጭስም፣ ወደ ውሃው ይገባል ማለት ነው። እኛ ቤት እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ታንኩ ደግሞ ሳሎን ነው። ባለቤቴን አማክሬያት ቡናውን ወደ ኩሽና በኩል አዛወርነው፣ የስኪመሩን የአየር ቱቦ ደግሞ በመስኮት ወደ ውጪ አወጣሁት። የበረሮ ፍሊትማ ጭራሽ ቤት ውስጥ አይነፋም። እጃችሁንም ስታስገቡ ሳሙና፣ ሎሽን፣ ቅባት እንዳይኖርበት ደጋግማችሁ በንጹህ ውሃ ብቻ ታጠቡ፣ ቆዳዋና መምጠጫዎቿ የነኩትን ነገር ይቀምሳሉ፣ የናንተን እጅ በምላሷ እንደቀመሰች ቁጠሩት።

ክዳኑ። ኦክቶፐስ አጥንት የላትም፣ ሰውነቷ ላይ ያለው ጠንካራ ነገር እንደ በቀቀን የመሰለ መንቁሯ ነው፣ መንቁሯ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ሙሉ ሰውነቷ ያልፍበታል። በ2016 ዓለም ሁሉ የሰማው የኒውዚላንዱ ኢንኪ አለ፣ ኔፒየር ከተማ ካለው ብሔራዊ አኳሪየም ሌሊት ከታንኩ ወጥቶ ወለሉን አቋርጦ በፍሳሽ ቱቦ ባህር ገባ፣ በዛው ቀረ። በ2009 ደግሞ ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ፒር አኳሪየም ውስጥ የነበረች እንደኔዋ ባለ ሁለት ነጥብ ኦክቶፐስ ሌሊት ቫልቭ ነቅላ ወደ 200 ጋሎን የባህር ውሃ ወለሉ ላይ አፍስሳ አደረች። እነዚህ ባለሙያ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው።

እኔ ጋር የሆነው ማርች ላይ ነው። ማታ መግቤያት ከአራቱ መቆለፊያ አንዱን ሳልዘጋው ተኛሁ። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ለሥራ ስነሳ ታንኩ ባዶ ነው። ድንጋዩን አየሁ፣ ቱቦውን አየሁ፣ የለችም። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ልጄን ቀሰቀስኳትና በስልክ መብራት መፈለግ ጀመርን፣ ምንጣፉ ላይ እርጥብ መስመር አለ፣ መስመሩን ተከትላ ልጄ ናት በሩ አጠገብ ጫማ መደርደሪያው ሥር ያገኘቻት፣ ግራጫ ሆና አቧራና ጸጉር ተለጣጥፎባት። በእርጥብ እጄ አንስቼ መጀመሪያ የታንኩ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አለቅልቄ ከዛ ወደ ቤቷ መለስኳት። ሁለት ቀን ምግብ አልነካችም፣ በሶስተኛው ወጣች። ስንጥቦቿና ቆዳዋ እስካልደረቁ ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ከውሃ ውጪ ትቆያለች፣ ከዛ በላይ ግን አይቻልም፣ ቀኑ ዝናባማ ስለነበረ ቤቱ እርጥበት ነበረው መሰለኝ ያተረፈልኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ክዳኑን የዘጋ ሰው መቆለፊያዎቹን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ አንድ ሁለት ሶስት አራት፣ የስድስት ዓመቱ ልጄ ሳይቀር። በቱቦና በገመድ መግቢያ ያለውን ክፍተት ሁሉ በስፖንጅ ድፈኑት፣ የፓምፑን አፍም እንዲሁ፣ እጇን ፓምፕ ውስጥ ከታ የምትጎዳ ብዙ ናት።

ወደመጣችበት ቀን ልመልሳችሁ። በስታይሮፎም ሳጥን፣ ኦክስጅን በተሞላ ከረጢት ነው የምትላከው፣ በአንድ ሌሊት። ወዲያው ከፍታችሁ እንዳትለቋት፣ የከረጢቱ ውሃና የታንካችሁ ውሃ ጨዉም ሙቀቱም አንድ አይደለም። ከነውሃዋ ባልዲ ውስጥ አድርጌ በቀጭን የአየር ቱቦ ከታንኩ ውሃ ጠብ ጠብ እያረግኩ ሶስት ሰዓት ያህል አቆየኋት። መሃል ላይ ፈርታ ቀለም ረጨች፣ ባልዲው ጥቁር ሆነ። ባህር ላይ ቀለሟ ይበተናል፣ ጠባብ ቦታ ላይ ግን ስንጥቦቿ ላይ ተጣብቆ ሊያፍናት ይችላል፣ ስለዚህ ወዲያው ወደተዘጋጀ ሌላ ባልዲ አዛወርኳት። ታንክ ውስጥ ከረጨች ደግሞ የቻላችሁትን በቱቦ ስባችሁ አውጡ፣ ውሃ ቀይሩ፣ አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለውን ውሃ የሚያጣራ ከሰል አስገቡ። ለዚህ ብላችሁ ሁልጊዜ የተበጠበጠ ቢያንስ 20 ጋሎን የጨው ውሃ በመጠባበቂያ ይኑራችሁ፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ ትልቅ በርሜል ነበረኝ።

ምግብ ላይ መጀመሪያ ሳምንታት በሕይወት ያለ ትንሽ ሸርጣን ብቻ ነበር የምትበላው፣ ፊድለር ክራብ የሚባለውን እያዘዝኩ። ቀስ በቀስ ጥሬ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ በፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ እያወዛወዝኩ አለማመድኳት፣ ቅመምም መከላከያ ኬሚካልም ያልገባበት መሆን አለበት። ሙስልና ክላም የሚባሉትን ባለ ቅርፊት የባህር እንስሳት ዲሲ ሜይን አቬኑ ያለው የአሳ ገበያ ወርጄ እገዛላት ነበር። ቅርፊቱን በጉልበት ካልከፈተችው ጥርስ ባለበት ምላሷ ትበሳውና ምራቋን አስገብታ ጡንቻውን ታላላዋለች፣ የተበሳውን ቅርፊት ልጆቹ ሰብስበው አስቀምጠዋል፣ ቀዳዳው በመርፌ የተወጋ ነው የሚመስለው። በቀን አንዴ፣ ስታድግ ደግሞ በሁለት ቀን አንዴ ይበቃታል። የተረፈውን በአንድ ሰዓት ውስጥ አውጡ፣ የበሰበሰ ሽሪምፕ አሞኒያ ነው። ከሷ ጋር አሳ አብራችሁ እንዳታስቀምጡ፣ ወይ ትበላዋለች ወይ አሳው ዓይኗን እየነካካ ያስጨንቃታል፣ አኒሞን የሚባለው አበባ የሚመስል የባህር እንስሳ ደግሞ ይናደፋል። ሌላ ኦክቶፐስም አይሆንም፣ እርስ በርስ ይበላላሉ።

ከሁለት ወር በኋላ ማን ማን እንደሆንን ለየችን። ይሄን ስል ሰው ያጋነንኩ ይመስለዋል፣ ግን በ2010 የሲያትል አኳሪየም ሰዎች በትልቁ የፓሲፊክ ኦክቶፐስ ላይ ያሳተሙት ጥናት አለ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ከለበሱ ሁለት ሰዎች የሚመግበውንና በእንጨት የሚነካካውን ይለያሉ። ጮሌ እኔ ስመጣ ከጎሬዋ ወጥታ መስታወቱ ላይ ትለጠፋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ድንጋይ ሆና ትቀራለች። ልጄ እጇን ስታስገባ በሁለት እጇ ያዝ አድርጋ ቀስ ብላ ትስባታለች፣ ስትጨርስ ራሷ ትለቃታለች። ኦክቶፐስ ወደ 500 ሚሊዮን የነርቭ ሴል አላት ይባላል፣ ሁለት ሦስተኛው ደግሞ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ሳይሆን እጆቿ ውስጥ ነው፣ እጅ ለእጅ ስትያያዙ ከዛ ጋር ነው የምትገናኙት። ሥራ ስትፈታ ትጨነቃለች፣ ስለዚህ በየቀኑ የምትሠራው ነገር ስጧት። ሸርጣን ያለበት ክዳኑ የሚጠመዘዝ የመስታወት ጠርሙስ ሰጥተናት በመጀመሪያው ቀን ዙሪያውን ስትዳስሰው ዋለች፣ በአምስተኛው ቀን ከፈተችው፣ ከዛ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅባት። ሌጎ፣ የፒንግ ፖንግ ኳስ፣ የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ሁሉ ይሆናል፣ ቀለም የሚለቅና ብረት ያለበት ብቻ አይግባ።

አባባን በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋቸው። ካሜራውን ድንጋዩ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ከግራ በኩል ያለው ድንጋይ ይተነፍሳል» አሉኝ። እኔ እንኳን ጠዋት ጠዋት ለማግኘት አምስት ደቂቃ ይፈጅብኛል፣ እሳቸው ከሰላሳ ዓመት በላይ ባህር ሳያዩ፣ በስልክ፣ አገኟት።

ጁላይ ላይ በማዕበል መብራት ጠፋ፣ ስድስት ሰዓት ያህል። ፓምፑ ሲቆም ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ቺለሩ ሲቆም ይሞቃል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰዓታት ናቸው ያሏችሁ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ቀድሜ ገዝቼ ስለነበረ እሱን አስገባሁ፣ ፍሪዘር ውስጥ በንጹህ ውሃ ሞልቼ ያስቀመጥኳቸውን ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ደግሞ እየተካካሁ አንሳፈፍኩ። ቴርሞሜትሩ 70 ፋራናይት አላለፈም። ባትሪዎቹን አሁኑኑ ግዙ፣ በማዕበሉ ቀን ሱቅ ውስጥ አታገኟቸውም።

አሁን ሁሉም ሰው መስማት የማይፈልገውን። ቢማክ በሕይወት የምትቆየው አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ስትገዟት ደግሞ ስንት ወሯ እንደሆነ አታውቁም። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ጮሌ የጎሬዋን በር በድንጋይና በቅርፊት ዘጋች፣ ሁለት ቀን ሳትወጣ ስትቀር በባትሪ መብራት በቀዳዳ ባይ ጣሪያው ላይ ከሩዝ ፍሬ የሚበልጡ ነጫጭ እንቁላሎች ተንጠልጥለዋል። እስከዛ ቀን ሴት ትሁን ወንድ እርግጠኛ አልነበርንም። ለነገሩ መለየት ይቻላል፣ የወንዱ ቀኝ ሦስተኛ እጁ ጫፉ ላይ መምጠጫ የለውም፣ የሷ ግን ሁልጊዜ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ አይተነው አናውቅም ነበር።

እንቁላል ማለት መጨረሻዋ ማለት ነው። ልጆቼ ሲደሰቱ እኔ ኩሽና ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት፣ ማታ ለልጆቹ አብረን ነገርናቸው። ሴቷ ኦክቶፐስ እንቁላል ከጣለች በኋላ መብላት ታቆማለች፣ እንቁላሉን ስታጸዳና ውሃ ስትነፋበት ከርማ ትሞታለች፣ እንቁላሉ ከወንድ ጋር ተገናኝታ የጣለችው ባይሆንም እንኳን እንደዛው ነው። ይሄ በረሃብ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በ1977 ጀሮም ዎዲንስኪ የሚባል ተመራማሪ ዓይናቸው አካባቢ ያለችውን ኦፕቲክ ግላንድ የምትባል ዕጢ ከሌላ ዓይነት ሴት ኦክቶፐሶች ላይ ሲያወጣ እንቁላላቸውን ትተው መብላት ጀመሩ፣ ከሌሎቹም በላይ ቆዩ። በ2022 ጮሌ እኛ ጋር እያለች ደግሞ በቢማክ ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ፣ ከእንቁላል በኋላ ያቺ ዕጢ የኮሌስትሮል አሠራሯን እንደምትቀይርና በአንዳንድ የሰው በሽታዎች ላይ የሚታየው ዓይነት ጎጂ ንጥረ ነገር እንደሚበዛባት አሳየ። እኔ ያንን ሳነብ የተሳሳትኩት ነገር እንደሌለ ገባኝ፣ ያ ትንሽ አሳረፈኝ። የናንተም ምግብ ስታቆም ውሃው ተበላሽቶ ነው ብላችሁ እንዳትሯሯጡ፣ ለኩት፣ ውሃው ደህና ከሆነ ሰዓቷ ደርሶ ነው።

በዛ ጊዜ የምታደርጉት ጥቂት ነው። መብራቱን ቀንሱ፣ መስታወቱን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ውሃውን ከበፊቱ የበለጠ ንጹህ አድርጋችሁ ያዙ፣ በየሁለት ቀኑ ትንሽ ሽሪምፕ በዘንግ አቅርቡና ካልፈለገች አውጡት፣ አታስገድዷት። ጎሬውን ለማየት ድንጋዩን አታንሱ። ጮሌ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ አንዳንዴ ትቀበለኝ ነበር፣ ከዛ ተወችው። እንቁላሎቹ አልተፈለፈሉም፣ ትንሽ ሆና ነው የመጣችውና ወንድ አላገኘችም። መጨረሻ ላይ ቆዳዋ ላይ ነጫጭ ቁስል ወጣ፣ የእጆቿ ጫፍ እየተጎዳ ሄደ፣ ቀለሟን መቀየርም ተዳከመች፣ ቀን ላይ ያለ ሐሳብ ስትንከራተት ትውል ጀመር። ይሄን ልጆች ሲያዩት ከባድ ነው፣ እኛ ግን አልደበቅናቸውም። የውሃ እንስሳት የእንስሳት ሐኪም ደውዬ አማክሬ ነበር፣ ስቃዩ ከበዛ ማግኒዥየም ክሎራይድ በተበጠበጠበት ውሃ አደንዝዞ ማሳረፍ እንደሚቻል ነገረችኝ፣ መጠኑን በሐኪም ካልሆነ ራሳችሁ እንዳትሞክሩት። እሱ ሳያስፈልግ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት ከጎሬዋ በር ላይ ሞታ አገኘናት። ልጄ መቆለፊያዎቹን ከፈተች፣ እኔ አወጣኋት፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ቀበርናት።

ልጆች ስለፈለጉ ብቻ የሚገዛ እንስሳ አይደለችም፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ከሌላችሁና ሌሊት ተጠርታችሁ መነሳት ካልቻላችሁ አሁን ይቅር፣ ሌላ ጊዜ ትሆናለች። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትጠይቁኝም አላችሁ፣ ጨዉን መበጥበጥ የትም ይቻላል፣ እንስሳዋን በሕይወት ማድረስና በየሳምንቱ ሸርጣን ማግኘት ነው የሚያስቸግረው፣ መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ቺለሩን አይሸከምም። እኔ በበኩሌ እዛ ሆኜ አልሞክረውም ነበር። የጨው ውሃ ካማራችሁ ግን በጠንካራ አሳዎች መጀመር ትችላላችሁ፣ ውሃውን ማንበብ የምትማሩት እዛ ላይ ነው።

የኔ ታንክ አሁንም ይሠራል። ባክቴሪያዎቹ በረሃብ እንዳይሞቱ ስድስት ሄርሚት ክራብ አስቀርቼ እመግባለሁ፣ ሁለተኛዋን ቸኩዬ አላዘዝኩም፣ ከባህር የተያዘች ሳይሆን ቤት ውስጥ የተፈለፈለች እስካገኝ እየጠበቅኩ ነው፣ የቢማክ ልጆች ከእንቁላል ሲወጡ እንደ እናታቸው መሬት ላይ የሚሄዱ ትንንሽ ኦክቶፐሶች ሆነው ስለሆነ ማሳደግ የቻሉ ሰዎች አሉ። አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ ሁለተኛ እጅ ታንክ አግኝታችሁ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ንገሩኝ፣ የመዳብ መፈተሻ ኪቴን ይዤ እመጣና አብረን እንለካዋለን።